ተናጋሪው አይወቀስ፤ ካፓሲተሩ ይፈተሽ

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ቆሰበር፣ የዛሬዋ እንጅባራ፣ በድምፅ ማጉያ ትናጋለች። በየአደባባዩ የተለመደ ቅሬታ አለ፦ ድምፁ ይጮኻል፣ ቃሉ ግን አይለይም። «ሰ»ና «ሸ» ይደበዝዛሉ። ወቀሳው ተናጋሪው ላይ ያርፋል። ስፒከሩ ያረጀ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሳጥኑ ውስጥ ያለ ጣት የማታህል ዕቃ ነው፤ ካፓሲተር።

ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሄዶ ሲቀረጽ ይህ ጣጣ አልነበረም። ድምፁን የሰበሰበው ጡሩምባ፣ የጻፈው መርፌ ነው። የዛሬው ዓይነት ስፒከር የመጣው ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን በ1925 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን ካሳወቁ በኋላ ነው። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሀገር ፍቅርን ብቸኛ የሸክላ ፈቃድ ጥሶ ሕንድ ማሳተም ሲጀምር፣ ዘፈኑ የሚደመጠው በኤሌክትሪክ ነበር።

ወፍራሙን ድምፅ ዉፈር፣ ቀጭኑን ትዊተር ይጫወታል። ወፍራሙ ወደ ትዊተር ከገባ ያቃጥለዋል፤ በሩ ላይ የሚቆመው ካፓሲተር ነው። 8 ኦም ትዊተር ላይ 8 ማይክሮፋራድ ከተገጠመ፣ ከ2,500 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው እየተቀነሰ ይሄዳል። ርካሹ ካፓሲተር ግን ውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ በዓመታት ይደርቃል። አቅሙ ወደ 4 ቢወርድ ድንበሩ ወደ 5,000 ኸርዝ ይሸሻል። በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት ተነባቢዎቻችን የሚለዩበት ሰፈር ነው። ክራሩም ጥፍሩን ያጣል።

በ1980 እ.ኤ.አ. ዋልት ጁንግና ሪቻርድ ማርሽ በአሜሪካው «ኦዲዮ» መጽሔት የካፓሲተር ዓይነት ድምፅ ይለውጣል ብለው ጻፉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ፈሳሽ የሌለው የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር ከደረቀው መብለጡ አያጠያይቅም። በሁለት ጥሩ ፖሊፕሮፒሊኖች መካከል አለ ለሚባለው ልዩነት የሚጠየቀው ገንዘብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለስም የሚከፈል ነው።

የእኛ ልማድ ትዊተሩን መጣል ወይም «ትሬብል» እስከ ጥግ ማዞር ነው። ያኔ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ቃሉ አይመለስም። የሚሻለው ካፓሲተሩን በሜትር መለካት፣ ከደከመ በዚያው ቁጥር መተካት፣ የግራውንም የቀኙንም አብሮ መቀየር ነው። አዲሱ ፖሊፕሮፒሊን ድምፁን ከልክ በላይ ካሰላው፣ አሮጌው በውስጡ የነበረውን መጠነኛ ተቃውሞ የምትተካ ትንሽ ሬዚስተር በተከታታይ ትገጠማለች።