ፀሐይ ስንት ደቂቃ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በፀሐይ የጠቆረ ፊት የድህነት ማስታወቂያ ነበር። ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ሜዳ ላይ ውለው ይጠቁራሉ፤ የሀብታም ሚስት ጃንጥላዋን ዘርግታ ንጣቷን ትጠብቃለች። መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ሰው ለመጥቆር ሲል ገንዘብ አጠራቅሞ ባሕር ዳርቻ መሄድ ጀመረ፤ ባሕሩ ከራቀበትም ከፍሎ መብራት ሥር ተኛ። በመሀል ምን ተፈጠረ? ብዙ ሰው “ፋሽን” ብሎ ያልፈዋል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከሐኪም ቤት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኒልስ ፊንሰን በ1860 ፋሮ ደሴቶች ላይ የተወለደ ሐኪም ነው። በ1896 ኮፐንሃገን ውስጥ የብርሃን ሕክምና ተቋም ከፈተና ፊትን እየበላ የሚያበላሸውን የቆዳ ቲቢ በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መብራት ማከም ያዘ። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። በዚያው ዓመት ኦገስት ሮሊየ የተባለ ሐኪም ሌዛን በምትባል የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር የቲቢ ታማሚዎችን በፀሐይ የሚያክም ክሊኒክ ከፈተ።

የሮሊየን አሠራር ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ቀን ፀሐይ የሚነካው የታማሚውን እግር ብቻ ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል። ለሱ ፀሐይ እንደ ማንኛውም መድኃኒት በልክ የምትሰጥ ነበረች።

በ1919 ደግሞ በርሊን ላይ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሪኬትስ ይዟቸው አጥንታቸው የለሰለሰ ልጆችን በአልትራቫዮሌት መብራት አዳነ። የሚገርመው፣ መብራቱ ያረፈው አንድ ክንድ ላይ ሆኖ የሌላኛው ክንድ አጥንትም ጠነከረ። ቆዳ ውስጥ ተሠርቶ በደም የሚዞር ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ቫይታሚን ዲ የምንለው እሱን ነው።

በ1920ዎቹ ኮኮ ሻኔል ከመርከብ ሽርሽር ጠቁራ ተመለሰችና መጥቆር ፋሽን ሆነ እየተባለ ይተረካል። መንገዱን የጠረጉላት ግን ሐኪሞቹ ናቸው፤ የጠቆረ ቆዳ የጤነኛ ሰው ምልክት ሆኖ ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልኩ ክሊኒኩ ውስጥ ቀረና መልኩ ብቻ ገበያ ወጣ።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና ፀሐይ ላይ የሚውሉ መርከበኞች ቆዳ ካንሰር እንደሚያወጣ በ1894 ጽፏል። በ1928 ለንደን ውስጥ ፊንድሌይ የተባለ ተመራማሪ አልትራቫዮሌት አይጦች ላይ ዕጢ እንደሚያበቅል አሳየ። ገበያው ግን ጆሮ አልሰጠም።

ለመሆኑ ቆዳ ለምን ይጠቁራል? አልትራቫዮሌት የሕዋሱን ዲኤንኤ ሲጎዳው ሕዋሱ “ተመታሁ” ብሎ መልእክት ይልካል፤ ሜላኒን አምራቾቹም ቀለም ይዘው ይደርሳሉ። በኔ ሙያ ቋንቋ ሰው ፊቸር መስሎት የገዛው ኤረር ሜሴጅ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የማጥቆሪያ አልጋ ገበያውን ተቀላቀለ። አልጋው በብዛት የሚለቀው ዩቪ-ኤ ነው፤ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ደግሞ ዩቪ-ቢ። ስለዚህ ገዢው ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱን ከፍሎ ይወስዳል። ሜልበርን ውስጥ ክሌር ኦሊቨር የተባለች ወጣት በ2007 በሜላኖማ ስትሞት 26 ዓመቷ ነበር፤ በመጨረሻ ሳምንቶቿ አደባባይ ወጥታ እኩዮቿን ከአልጋው እንዲርቁ ለምናለች። በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልጋዎቹን ትምባሆ ካለበት ምድብ ውስጥ ከተታቸው። ከ35 ዓመት በፊት የጀመረ ሰው በሜላኖማ የመያዝ ዕድሉ በ75 በመቶ እንደሚጨምር ጥናቶቹ ያሳዩ ነበር። ብራዚል በዚያው ዓመት ከለከለች፤ አብዛኞቹ የአውስትራሊያ ግዛቶችም በ2015 መግቢያ ላይ የንግድ አልጋዎቹን ዘጉ።

እኛ ጋስ? ሜላኒናችን ከቃጠሎ በደንብ ይከላከልልናል። (አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ መከላከያ የላቸውም፤ ለነሱ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ የጤና ጉዳይ ነው።) የኛ ጣጣ በሌላው በኩል ነው። በ1997 ላንሴት ላይ በወጣ የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ውስጥ ግን 20ዎቹ ብቻ። ይህ የሆነው “የ13 ወር ፀሐይ” እያልን ለቱሪስት እናስተዋውቀው በነበረው አገር ነው። ፀሐይዋ ውጭ አለች፤ ልጁ ግን ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ቤት ውስጥ ተጠቅልሏል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይም የቫይታሚኑ እጥረት በብዛት ታይቷል።

ከሮሊየ መቶ ዓመት በኋላም ጥያቄው ያው ነው፦ ለማን፣ ስንት ደቂቃ? አውሮፓ ሲበዛ ተጎዳ፤ እኛ ደግሞ ሲያንስ። ዩቪ-ቢ በመስኮት መስታወት አያልፍም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራስ ልጇን በመስታወት ጀርባ የምታሞቅ እህት ካለቻችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው ጤና ጣቢያ ትጠይቅና መስኮቱን ትክፈተው።