የቤት ሲዲ ማጫወቻ ጽዳትና እንክብካቤ

ሲዲ ማጫወቻ በዲስክ ላይ በዲጂታል የተቀረጸን ድምፅ በሌዘር ጨረር እያነበበ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ ባወጡት ደረጃ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው የገበያ ማጫወቻ፣ የሶኒው ሲዲፒ-101፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1982 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ፣ እንደ ቴፕም ሄድ ስለሌለው ሲያነብ ዲስኩን የሚነካው ነገር የለም። የሚያበላሹት አቧራ፣ ጭስ፣ የደረቀ ግራሶና የላላ ላስቲክ ናቸው፤ ሌዘሩም ራሱ በዕድሜ ብዛት ይደክማል።

ማጫወቻው ሲዘልል ወይም «ዲስክ የለም» ሲል ብዙ ሰው ወዲያው ሌንሱን ይጠረጥራል። መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ግን ዲስኩ ነው። በተለይ በኮምፒውተር የተገለበጠ ሲዲ፣ በአገራችን ገበያ እንደልብ ይሸጥ የነበረው ዓይነት፣ ብርሃን የሚመልሰው በፋብሪካ ከታተመው ባነሰ መጠን ነው። ደግሞ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ የሚመልሰው ብርሃን እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ጨርሶ አያነቡትም። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ንጹሕ ኦሪጅናል ዲስክ መሞከር ይገባል።

ዲስክ የሚጠረገው ለስላሳ በሆነ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ነው፤ እንደ ሸክላ ዙሪያውን ማሸት ስሕተት ነው። ማጫወቻው የጠፋውን መረጃ ከተረፈው እያሰላ የሚተካበት ዘዴ ስላለው እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ክፍተት ሊሸፍን ይችላል። ትራኩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ስለሚያጠፋ ይታረማል፤ ትራኩን ተከትሎ የሚሄደው ግን ከዚህ አቅም በላይ ይሆናል። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያበራው ገጽ ቢሆንም ይበልጥ ስስ የሆነው ጽሑፍ ያለበት ጎን ነው። እዚያ አሉሚኒየሙን ከጥፍርና ከስክሪብቶ የሚለየው ስስ የቫርኒሽ ሽፋን ብቻ ነው፤ አሉሚኒየሙ ከተፋቀ ደግሞ የሚነበብ ነገር አይቀርም።

ዲስኩ ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ተራው የሌንሱ ነው። የሲጋራና የእጣን ጭስ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል ሌንሱ ላይ ቅባት ያለው ስስ ሽፋን ይሠራል። ብሩሽ ያለው «ማጽጃ ሲዲ» ደረቅ አቧራ ሊያራግፍ ይችል ይሆናል፤ ይህን ቅባት ግን አያነሣም፣ በኃይል የሚሽከረከር ብሩሽም ለሌንስ ወዳጅ አይደለም። የሚሻለው ሶኬቱን ነቅሎ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቶ በእጅ ማጽዳት ነው። ሶኬቱ የሚነቀለው ለኤሌክትሪኩ ብቻ ሳይሆን፣ 780 ናኖሜትር የሆነው ጨረር ለዓይን ስለማይታይና በቀጥታ ማየቱ አደገኛ ስለሆነ ጭምር ነው። ሌንሱ ክብ፣ ትንሽ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፕላስቲክ ነው፤ ንጹሕ ሲሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጸብራቅ ይሰጣል። በቀጫጭን ምንጮች ላይ ተንጠልጥሎ በጥቃቅን መጠምጠሚያዎች ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንቀሳቀስ ሲነኩት መወዛወዙ ጤና ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአይሶፕሮፓይል አልኮል በጥቂቱ ነክሮ፣ ሳይጫኑ አንዴ ሁለቴ ማዞር፣ ከዚያም በደረቅ ጥጥ መድገም በቂ ነው። አሴቶን ፕላስቲኩን ያደበዝዛል። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ይረጫል።

ዲስክ ማስገቢያው ሳይከፈት ቢቀር ወይም እየተንቀረፈፈ ቢወጣ፣ ተጠያቂው በአብዛኛው ሞተሩን ከጥርሶቹ ጋር የሚያገናኘው የላስቲክ ቤልት ነው፤ ከላላ ይቀየራል። ማጫወቻው በተለያዩ ዲስኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ደቂቃ ላይ ሲደርስ የሚያንገራግር ከሆነ ደግሞ ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያለው ግራሶ ደርቋል ማለት ይቻላል። ማንበቡ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ ስለሚሄድ አንድ ቦታ የተጋገረ ቆሻሻ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ ይይዘዋል። አሮጌውን ጠርጎ ጥቂት ነጭ ግራሶ መቀባት ይበቃል። የምግብ ዘይት አይሞከርም።

አንዳንድ ጠጋኞች የደከመ ሌዘርን በሌንሱ ክፍል ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አዙረው «ያነቁታል»። ለጊዜው ይሠራል፤ ግን ወደ ሌዘሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር የቀረውን ዕድሜ ያሳጥረዋል። ሙሉውን ክፍል መቀየር ይሻላል። አዲሱ ክፍል ብዙ ጊዜ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲጠበቅ ጫፎቹ በአንዲት የሊድ ጠብታ ተያይዘው ይመጣል፤ ገመዱ ከተሰካ በኋላ ጠብታዋ ካልተነሣች ማጫወቻው አሁንም ዲስክ አያነብም።