«ልክ እኔን ነው»፦ የጠባይ መጠይቅ አሳማኝነት ከየት መጣ?

ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ጠባይ ዓይነቶች ያሳተመው መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ያልታሰቡ ወራሾች አገኘ። የሥነ ልቦና ሥልጠና ያልነበራቸው ካትሪን ብሪግስና ልጃቸው ኢዛቤል ማየርስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሐሳቡን ወደ መጠይቅ ለውጠው ሰውን በ16 መደብ ከፈሉት።

እንዲህ ያለው ውጤት ለምን ያሳምናል? በ1948 በርትራም ፎረር 39 ተማሪዎቹን ፈትኖ፣ የየግል ውጤታቸው አስመስሎ ለሁሉም አንድ ጽሑፍ ሰጣቸው። ጽሑፉ በአብዛኛው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት።

ለጨዋታ ሲሆን ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ቀጣሪ ሲመርጥበት ግን የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ ባለቤቶች ራሳቸው ለቅጥር መምረጫ እንዳይውል ያሳስባሉ። መጠየቅ ያለበት ውጤቱ አመልካቹን መምሰሉ ሳይሆን የሥራ ብቃቱን አስቀድሞ ማመልከቱ ነው።