ክላሽ ኦቭ ሂሮስ
በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የሚገኘው ካፒባራ ጌምስ የተባለው ነጻ ድርጅት የሠራው፣ የፈረንሳዩ ዩቢሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2009 ለኒንቴንዶ ዲኤስ ያወጣው፣ ሁለት ባላጋራዎች እንደ ሰንጠረዥ (ቼዝ) በየተራ የሚዋጉበት የስልት ቪዲዮ ጨዋታ ነው። አንድ ዓይነትና አንድ ቀለም ያላቸውን 3 ወታደሮች በቁመት ያሰለፈ ለጥቃት፣ በአግድም ያሰለፈ ለመከላከያ ቅጥር ስለሚያዘጋጃቸው፣ ጥቃቱም የተወሰኑ ተራዎች ካለፉ በኋላ ብቻ ስለሚፈጸም፣ የጨዋታው ጣዕም የባላጋራን ሐሳብ አስቀድሞ በመመርመርና የራስን ኃይል በትዕግሥት በማከማቸት ላይ የቆመ ነው፤ ከዚህ ቀላል ሥርዓት ይህን ያህል ጥልቀት ማውጣትም በእውነት የታላቅ ጥበብ ሥራ ነው። ነቀፌታው ግን አጋዥ ጦር በዕጣ ስለሚሰለፍ ብልህ ተጫዋች እንኳ ያለ ጥፋቱ የሚሸነፍበት ጊዜ መኖሩ፣ ታሪኩም ለ5 ጀግኖች ተከፍሎ እያንዳንዱ ከዝቅተኛው ማዕረግ ስለሚነሣ በብዙ ድካም የተገኘው ብርታት በየምዕራፉ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ታድሶ ቀርቧል።