የተመላላሽ ሕክምና ክሊኒካል ፋርማሲስትና የቀድሞ ሠራዊት አባላት፤ አቃቂ ቃሊቲን መነሻ ያደረገ ምልከታ

የተመላላሽ ሕክምና ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ አልጋ ሳይዙ ከቤታቸው እየተመላለሱ ለሚታከሙ ሰዎች የታዘዘው መድኃኒት ለበሽታቸው የሚገባ፣ የሚሠራ፣ የማይጎዳና ሊወስዱት የሚችሉት መሆኑን የሚመረምር ባለሙያ ነው። የአራቱ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። አስፈላጊ ያልሆነ መድኃኒት በትክክል ተወሰደ አልተወሰደ ብሎ መጨነቅ ትርጉም የለውም። ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፋርማሲስት መድኃኒት በማስረከብ ብቻ ሳይሆን በመድኃኒቱ ውጤትም ተጠያቂ መሆን እንዳለበት ተከራክረዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጠው የክሊኒካል ፋርማሲ ትምህርት በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ሙያ በተመላላሽ ሕክምና ረገድ ሰፊውን ሥልጣን ያገኘው በጦር ጉዳተኞችና በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ክሊኒካል ፋርማሲስቶች በተወሰነላቸው የሥራ ወሰን ውስጥ መድኃኒት እንዲጀምሩ፣ መጠን እንዲቀይሩ፣ እንዲያቋርጡና የላቦራቶሪ ምርመራ እንዲያዝዙ ፈቅዷል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማቅጠኛው የዋርፋሪን ክትትል ክሊኒኮችን በብዙ ሆስፒታሎች የሚመሩት እነርሱ ናቸው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የቀድሞ ወታደር ዕድሜው የገፋ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ በሽታ የሚያስታምም፣ ብዙ ዓይነት መድኃኒትም የሚወስድ ታካሚ ነው፤ በዚያ ላይ ለዓመታት በአንድ ተቋም ይመላለሳል። ለመድኃኒት ክትትል ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ለቀድሞ ወታደሮች ብቻ የተዘረጋ የሆስፒታል መረብ የለም። በአገልግሎት ላይ ያለው ሠራዊት ግን የራሱ ሆስፒታሎች አሉት፤ ከእነርሱም ታዋቂው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ሲከፈት በለንደን በነርስነት ሠልጥና በወጣትነቷ በሞተችው በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመ የሲቪል ሆስፒታል ነበር፤ ወደ ሠራዊቱ የተዛወረው ከአብዮቱ በኋላ ነው። መለዮውን ያወለቀው ወታደር ግን በአብዛኛው የሚታከመው እንደማንኛውም ዜጋ ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን 455 ሺህ ያህል ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መሠረት ይመለመሉ የነበሩት ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ስለነበሩ፣ ከእነዚያ መካከል ታናናሾቹ እንኳ ዛሬ 50 ዓመት አልፏቸዋል። የሶማሊያው ጦርነት ዘማቾች ከእነርሱም ይበልጣሉ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ ግንባር የተሰለፉት ደግሞ ጉልምስናን እያጋመሱ ነው፤ የግፊትና የስኳር በሽታ በብዛት የሚታወቅበት ዕድሜ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ በቅርብ ዓመታት ጦርነት የተሳተፉ ከ370 ሺህ በላይ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ሥራ ጀምሯል። የእነርሱ ሥር የሰደደ ሕመም ገና ወደ ጤና ተቋማት መምጣቱ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ይህ ሁኔታ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ክፍለ ከተማው የፋብሪካ ሠፈር ነው። ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ እስከ ብረታ ብረትና መለዋወጫ ፋብሪካዎች ድረስ ዘበኛም ሾፌርም የሚፈልጉ ድርጅቶች ሞልተውበታል፤ ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው ደግሞ በአዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያስበው ጥበቃንና መሪን ነው። የአካባቢው ሰው ለከፍተኛ ሕክምና የሚላከው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ካገኘችው ድርብ ወርቅ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ፣ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ታስቦ የተከለለ 279 ሄክታር የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። መድኃኒት የሚመረትበት ሠፈር ነዋሪ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ማቋረጡ ግን ገና አልቀረም።

የባለሙያው ዝግጅት ታሪክ አጭር ነው። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ትምህርቱ በመድኃኒት ዝግጅትና አቅርቦት ላይ ያተኮረ ነበር። በሽተኛን ማዕከል ያደረገው የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ምሩቃን በ2013 አወጣ። በማስተርስ ደረጃ ቀዳሚው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹ ልምምዳቸውን በአብዛኛው የሚያደርጉት በአስተኝቶ ማከሚያ ክፍሎች፣ ከሐኪሞች ጋር በየአልጋው እየዞሩ ነው። በዚህም የተነሳ ምሩቁ ሲቀጠር ቦታው ዋርድ ነው የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። አስተሳሰቡ ግማሽ ስሕተት አለበት። በዋርድ ላለ በሽተኛ መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ናት፤ የተሳሳተ ነገር ቢኖር የሚያይ ዓይን ብዙ ነው። ተመላላሹ ግን የሁለት ወር ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በፌስታል ይዞ ይሄዳል፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ምን እንደሚያደርግበት የሚያይ የለም።

የመንግሥት ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ዛሬ የያዘውን መልክ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነስቶ ወደ ሌሎች ክልሎችና ወደ ፌዴራል ተቋማት በተስፋፋው፣ በተለምዶ ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. በሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ አሠራር ማዘዣው በመጀመሪያ ገምጋሚው ዘንድ ይቀርባል፤ እርሱ መጠኑንና ተስማሚነቱን አይቶ ዋጋ ይተምናል፤ ከዚያ ታካሚው ገንዘብ ያዥ ዘንድ ከፍሎ ወይም የጤና መድህን መታወቂያውን አሳይቶ ወደ አዳዩ መስኮት ያልፋል፤ አዳዩም ስለ አወሳሰዱ አስረድቶ ያስረክበዋል። ሥርዓቱ የመድኃኒት ብክነትን ለመቆጣጠርና ሒሳብን ለማጥራት ያበረከተው ድርሻ ትልቅ ነው። የገምጋሚው ወንበር ለክሊኒካል ሥራም በር ከፍቷል። ሆኖም በመስኮቱ ፊት ረጅም ሰልፍ ቆሞ አንድን ሽማግሌ ስለ ስድስት መድኃኒት መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ የተመላላሽ ክሊኒካል ፋርማሲስት ሥራ ከመስኮቱ ጎን፣ ወንበር ባለው ክፍል፣ በቀጠሮ መከናወን ይኖርበታል።

በዚያ ክፍል ሥራው የሚጀምረው ከፌስታሉ ነው። ታካሚው ቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ፋርማሲስቱም ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ያያል። የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። አንድ ዓይነት አምሎዲፒን በሁለት የንግድ ስም፣ አንዱ ከሆስፒታሉ ሌላው ከግል መድኃኒት ቤት ተገዝቶ፣ ሁለቱም ይዋጣሉ። ጎረቤት የሰጠው ዳይክሎፌናክ ከሥር ይገኛል። “ጋሼ፣ ይቺን ነጯን መቼ ነው የሚወስዷት?” ሲባሉ “እንደታዘዝኩት ነው ልጄ” ብለው የሚመልሱ ሽማግሌ፣ ትእዛዙ ምን እንደነበረ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ትእዛዝን ያለ ጥያቄ መቀበልን በወጣትነቱ የተማረ ሰው አልገባኝም ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ገብቶዎታል ወይ ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ታካሚው ራሱ መልሶ እንዲያስረዳ ማድረግ ይሻላል። በሌላ በኩል የወታደር ቤት ሥርዓት ጥሩ መሣሪያም ይሆናል። ሰዓት ከተሰጠው፣ በጽሑፍም ከያዘው፣ ከማንም በላይ ያከብረዋል።

በክሊኒካል ይዘቱ የዚህ ታካሚ ጉዳይ ከተራ የግፊት ሕመምተኛ የሚለየው በአሮጌ ቁስሉ ነው። በጉልበቱ ወይም በወገቡ የቀረ ፍንጣሪ ዕድሜውን ሙሉ ያመዋል፤ ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይሆናል። እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለሚወስድ ሰው ሲጨመሩ ደግሞ ሦስቱ ተባብረው ኩላሊትን በአጭር ጊዜ ሊጎዱ ይችላሉ፤ በተለይ በተቅማጥ ወይም በላብ ፈሳሽ ባነሰ ጊዜ። ሐኪሙ ማስታገሻውን ካላወቀ ግፊቱ አልወርድ ሲለው ሌላ የግፊት መድኃኒት ይጨምራል። እንዲህ ያለው አንዱ መድኃኒት ሌላውን የሚጠራበት ሰንሰለት የፋርማሲስቱ ዋነኛ አደን ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሲያመጣ የሳል ሽሮፕ ይታዘዛል፤ መፍትሔው ግን ወደ ሎሳርታን መቀየር ነበር። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሲያሳብጥ ፉሮሴማይድ ይጨመራል፤ እብጠቱ ግን የፈሳሽ ብዛት ስላልሆነ ፉሮሴማይድ ብዙም አያጎድለውም፤ ታካሚውንም ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ያመላልሰዋል።

የጭንቅላት ቁስል ያለበት የቀድሞ ወታደር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ሊከተለው ይችላል፤ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ይዞ ይኖራል። ለሕመሙ ትራማዶል ቢሰጠው ግን ትራማዶል ራሱ መንቀጥቀጥን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ነው። እጅ ወይም እግሩ የተቆረጠበት ሰው በሌለው አካሉ ላይ የሚሰማውን ሕመም ለማስታገስ አሚትሪፕታይሊን በትንሽ መጠን ይረዳል፤ በዕድሜ በገፋና ፕሮስቴቱ ባበጠ ወንድ ላይ ግን ሽንት ሊያግድ ይችላል፤ ሌሊት በምርኩዝ የሚነሳን ሰውም ሊጥል ይችላል። ፌኒቶይንም የራሱ ተንኮል አለው። መጠኑ ጥቂት ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ክምችት ከጭማሪው በላይ ይዘላል። አካሄዱ የተንገዳገደ፣ ዓይኑ የሚንቀጠቀጥ ታካሚ ሰክሯል ተብሎ ከመታማቱ በፊት የመድኃኒቱ መጠን ሊታይ ይገባል። የደም ክምችቱን መለካት በማይቻልበት ተቋም ደግሞ መመዘኛው የባለሙያው ዓይን ነው። ከጦርነት የተረፈው የአእምሮ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የቅዠት ጉዳይ ብዙ ጊዜ በካርዱ ላይ አይገኝም። ታካሚው ሳይጠየቅ አይናገረውም፤ ያለ ማዘዣ የሚገኘውን ዲያዜፓም ወይም አረቄን መፍትሔ አድርጎት ይሆናል።

ስኳር በሽታ ላይ የፋርማሲስቱ ሥራ በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቀ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ለዚህኛው በውኃ በራሰ አሸዋ መካከል የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ቢጠቀም ይበቃዋል፤ ፍሪጅ ያለው ደግሞ በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳያስቀምጠው መነገር አለበት፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል። ደመናማው ኢንሱሊን ከመሳቡ በፊት በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። ዓይኑ የደከመ ታካሚ የመርፌውን መስመር ስለማያይ ልጁ ወይም ባለቤቱ አብራ ትሠለጥናለች። እነዚህን ነገሮች በቃል መናገር አይበቃም፤ ታካሚው በራሱ እጅ ስቦ ማሳየት አለበት።

ጾምና ፀበል በዚህ ሥራ ውስጥ የጎን ጉዳይ አይደሉም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሽማግሌ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ከዋጠ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ በረመዳንም ነገሩ ያው ነው። አትጹም ብሎ መከልከል ጉዳዩን ወደ ድብቅ ያደርገዋል፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን ወደ ሌላ መቀየር ግን ይቻላል። ፀበል የገባ የሚጥል በሽታ ታካሚ ፌኖባርቢታሉን በአንድ ጊዜ ካቋረጠ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ፀበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መምከራቸው ለዚህም ሕመም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከፋርማሲስት ምክር ይልቅ የንስሐ አባት ቃል የሚሰማበት ቤት ብዙ ነውና። ሺፈራው፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ለግፊትና ለስኳር ይወሰዳሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወስድ የመድማት አደጋው ስለሚጨምር፣ ጥያቄው ያለ ነቀፋ መቅረብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሕክምናን የሚያቋርጠው የመድኃኒት መጥፋትና የዋጋ ንረት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል የሆነ ታካሚ በሆስፒታሉ መደርደሪያ ያለውን በመድህኑ ያገኛል፤ የሌለውን ግን ከከነማ፣ ከቀይ መስቀል ወይም ከግል መድኃኒት ቤት ይፈልጋል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ለጡረተኛ ኪስ ከብዷል። ጡረታ ያለው እንኳ የወር መድኃኒቱን ቆጥቦ በሁለት ቀን አንዴ ይወስዳል። ይህን የሚያውቅ ፋርማሲስት ለሐኪሙ የሚያቀርበው ሐሳብ አምስቱን መድኃኒት ወደ ሦስት መቀነስ፣ ወይም ውዱን በመደበኛው ዝርዝር ባለ ርካሽ መተካት ይሆናል። ይህም ከማንኛውም ምክር ይልቅ መድኃኒቱን በየዕለቱ ያስወስዳል።

በኢትዮጵያ ፋርማሲስት መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ሐሳቡን ለሐኪሙ ያቀርባል፣ ሐኪሙ ይወስናል። አሠራሩ ተገቢ ነው፤ ጉድለቱ ሐሳቡ በቃል ቀርቦ በቃል መጥፋቱ ላይ ነው። ሐሳቡ በታካሚው ካርድ ውስጥ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ያንኑ መድኃኒት ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሆስፒታሎች አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ ክሊኒካል ፋርማሲን የሆስፒታል አገልግሎት አካል አድርጎታል። ለአቃቂ ቃሊቲና መሰል አካባቢዎች ሆስፒታሎች የሚቀረው፣ ከክሊኒካል ፋርማሲስቶቻቸው ቢያንስ አንዱን ከዋርድ አንስቶ በሥር የሰደደ ሕመም ክትትል ክሊኒክ ማስቀመጥ፣ የታካሚውን የውትድርና ታሪክና አሮጌ ቁስል በመድኃኒት መዝገቡ ላይ ማስፈር፣ የፋርማሲስቱንም ሐሳብ የካርዱ አካል ማድረግ ነው። ለዚህ አዲስ ሆስፒታል መሥራት አያስፈልግም።