«መሬት ዜሮ ነው» የሚለው እምነት ታሪክ፤ ከቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ዱከም ፋብሪካዎች



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ለታሪክ የሚበቃ ላይመስል ይችላል። ስለ አንድ መለኪያ፣ ይልቁንም ስለ አንድ መለኪያ ጫፍ ነው፤ ከኦሲሎስኮፕ ጋር ስለሚሠራው ዲፈረንሻል ፕሮብ። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ የተወለደው «መሬት ዜሮ ነው» የሚል ሥር የሰደደ እምነት በተግባር ተፈትኖ ስለ ወደቀ ነው። እምነቱ ከየት እንደ መጣ፣ የት የት እንደ ተሰናከለ፣ ዛሬም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዱከም ለምን ሰውን ለአደጋ፣ ማሽንን ለብልሽት እንደሚያጋልጥ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። ቮልቴጅ የአንድ ነጥብ ንብረት አይደለም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ነገሩ እንደ ከፍታ ነው። ዱከም ከፍ ያለች ከተማ ናት ብንል «ከየት?» መባሉ አይቀርም፤ ከአዳማ ከፍ፣ ከሱሉልታ ደግሞ ዝቅ ያለች ናትና። የመልክዓ ምድር ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የባሕር ጠለልን መነሻ አድርገው ተስማሙ። የኤሌክትሪክ ሰዎች ደግሞ መሬትን መረጡ። ምርጫው ስምምነት ነበረ፤ ውሎ አድሮ ግን ስምምነትነቱ ተረሳና የተፈጥሮ ሕግ መሰለ።

የዚህ መርሳት ታሪክ ከቴሌግራፍ ይጀምራል። በ1838 ጀርመናዊው ካርል አውግስት ሽታይንሃይል ለቴሌግራፍ ሁለት ሽቦ መዘርጋት ግድ አለመሆኑን፣ መሬት ራሷ የመልሱን መንገድ ልትተካ እንደምትችል አሳየ። በሽቦ ላይ የሚወጣው ወጪ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቴሌግራፍ በአብዛኛው ዓለም በነጠላ ሽቦ ተስፋፋ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር የተዘረጋው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። የጅቡቲው ባቡርም በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ዱከምም በዚያ መስመር ላይ የምትገኝ ናት። ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ በዚያ ዘመን ተለያይተው የሚሄዱ ነገሮች አልነበሩም። የመሬትን ታማኝነት የሚጠራጠር ሰው እምብዛም አልነበረም፤ መርፌዋ እስከ ተነቃነቀች ድረስ መልእክቱ ይደርሳልና።

እምነቱን ያናጋው ስልክ ነው። ስልክ የቴሌግራፍን ያህል ታጋሽ አይደለም፤ ጥቂት ጣልቃ ገብ ከረንት በጆሮ ላይ ጩኸት ይሆናል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ የጎዳና ባቡሮች ሲበዙ፣ ሞተሮቻቸውን ያሽከረከረው ከረንት በሐዲዱና በመሬት በኩል ይመለስ ጀመር። በመሬት የሚመለሱት ስልኮች በዚያ አካባቢ ጆሮ የማያስገቡ ሆኑ። የአንዱ ጣቢያ መሬትና የሌላው ጣቢያ መሬት እኩል አለመሆናቸውን ሰው በጆሮው ሰማ። መፍትሔውም ወደ ሁለት ሽቦ መመለስ ሆነ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 እርስ በርሳቸው የተገመዱ ሁለት ሽቦዎችን የሚመለከት ፓተንት አውጥቶ ነበር። የሐሳቡ ረቂቅነት እዚህ ላይ ነው፦ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ በተገመዱት ሁለት ሽቦዎች ላይ እኩል ያርፋል፤ ተቀባዩ ልዩነታቸውን ብቻ የሚሰማ ከሆነ እኩል የሆነው ነገር ይሰረዛል፤ የሚቀረው የሰው ድምፅ ነው። ዲፈረንሻል ፕሮብ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህን ሐሳብ ከሽቦ ወደ ማጉያ ያሻገሩት ሰዎች ግማሾቹ መሐንዲሶች አለመሆናቸው ያስገርመኛል። የእንግሊዙ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ብራያን ማቲውስ በ1934 ልዩነትን ብቻ የሚያጎላ ማጉያ ሠርቶ አቀረበ። የጨነቀው ነገር ከአንጎልና ከነርቭ የሚመነጨው፣ በማይክሮቮልት የሚቆጠር ምልክት በቤተ ሙከራው መብራት መስመር ረብሻ መዋጡ ነበር። በ1936 ደግሞ መሐንዲሱ አለን ብሉምላይን፣ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምታገኙትን ባለ ጥንድ ቱቦ ሰርኪዩት ፓተንት አስመዘገበ። እርሱን ያስጨነቀው በለንደን ውስጥ የቴሌቪዥን ምስል የሚያስተላልፍ ባለ ሁለት ሽቦ ኬብል ነው፤ በ1937 የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ በዓል የተላለፈው በዚህ ኬብል ነበር። በዚያው ዓመት የእኛ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ።

ኦሲሎስኮፕ የራሱ ታሪክ አለው፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፈርዲናንድ ብራውን የካቶድ ሬይ ቱቦውን በ1897 ይፋ አደረገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ኦሪገን የተቋቋመው ቴክትሮኒክስ በ1947 ለገበያ ያቀረበው 511 የተባለው ሞዴል፣ የሞገድን መልክ አስተማማኝ በሆነ የጊዜ ልክ ማሳየት እንዲቻል አደረገ። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ከመብራት ኃይል የሚሠራ ስለሆነ፣ የሚነካውን ሰው ከአደጋ ለመጠበቅ ሲባል የብረት አካሉ በሶኬቱ ሦስተኛ እግር በኩል ከሕንፃው መሬት ጋር ተገናኘ። የፕሮቡ የግራውንድ ቆንጣጭም ከዚሁ አካል ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ማጣቀሻ» ብሎ የሚያስበው ያ ትንሽ ቆንጣጭ፣ ከመሬት ጋር የተገናኘ ወፍራም ሽቦ ጫፍ ነው። ከመሬት ጋር እኩል ያልሆነ ነጥብ ላይ ከተቆነጠጠ የሚሆነው መለካት ሳይሆን ሾርት ነው።

አሁን ወደ ዱከም እንምጣ። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው የኢንዱስትሪ መስመር ያደገው በባቡሩ፣ በመኪናው መንገድና በኤሌክትሪክ መስመሩ ዙሪያ ነው፤ የቆቃ ግድብም ከ1960 ጀምሮ ኃይል ሰጥቷል። በዚያ ዘመን በነበረ ፋብሪካ ሞተሩ ከ380 ቮልቱ መስመር ጋር በቀጥታ ይገናኝ ስለነበር፣ ሞገዱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ንጹሕ ሳይን ነበረ። ለዚያ ቴስተር ይበቃል። በዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ተቋቁሞ፣ በ2012 የሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በተከታታይ የገቡት ማሽኖች ግን ሌላ ትውልድ ናቸው። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ነው። ኢንቨርተሩ ሦስቱን ፌዝ አርሞ ወደ ቀጥታ ቮልቴጅ ይለውጣል፤ የ380 ቮልት ጫፍ 537 ቮልት ስለሆነ ውስጡ ያለው ቮልቴጅ 540 ገደማ ነው። ከዚያም ይህን ቮልቴጅ በሴኮንድ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቴስተር ለዚህ ዕውር ነው። ኦሲሎስኮፕ የግድ ሆነ፤ ከኦሲሎስኮፑም ጋር የተረሳው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

በኢንቨርተሩ ውስጥ የላይኛውን ትራንዚስተር አስቡ። እንዲከፈት በጌቱና በኤሚተሩ መካከል 15 ቮልት ገደማ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ኤሚተሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከዜሮ ወደ 540 ቮልት፣ ከ540 ወደ ዜሮ በ100 ናኖሴኮንድ ውስጥ ይዘላል። በማይክሮሴኮንድ 5400 ቮልት ማለት ነው። ማየት የምንፈልገው 15 ቮልት በዚህ የሚዘል መድረክ ላይ ተሸክሞ የሚወጣና የሚወርድ ነው። የተራውን ፕሮብ ቆንጣጭ እዚያ ላይ ማያያዝ ትራንዚስተሩን፣ ፕሮቡን፣ አልፎ አልፎም የኦሲሎስኮፑን መግቢያ ማቃጠል ነው።

ይህን የሚያውቁ ብዙ የጥገና ባለሙያዎች የመረጡትን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር መቁረጥ ወይም ባለ ሁለት እግር ማስረዘሚያ መጠቀም። በአንድ ፋብሪካ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ እንዲህ የተደረገበት ኦሲሎስኮፕ በብረት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። በዚያ ሁኔታ ሾርቱ አይፈጠርም፤ ነገር ግን የመሣሪያው አካል፣ ማዞሪያዎቹ የታሰሩበት ብረትና የቀሩት መግቢያዎች ሁሉ በ540 ቮልት ላይ ይዘላሉ። አደጋው ከማሽኑ ወደ ሰው ተዛወረ እንጂ አልተወገደም። ልኬቱም ቢሆን ትክክል አይደለም፤ መሣሪያው በትራንስፎርመሩና በአካሉ በኩል ከመሬት ጋር ያለው ካፓሲታንስ በእያንዳንዱ ዝላይ መሞላትና መፍሰስ ስላለበት የሚለካውን ሰርኪዩት ይጎትታል። ይህን ልማድ «ብልሃት» ብለው ሲያስተምሩ የሰማኋቸው ሰዎች አሉ። ብልሃት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ አደገኛ አይደለም፣ ግን ደካማ ነው። ሁለት ተራ ፕሮቦችን በሁለቱ ነጥቦች ላይ አድርጎ፣ ቆንጣጮቹን ከሰርኪዩቱ አርቆ፣ በስክሪኑ ላይ አንዱን ቻናል ከሌላው መቀነስ ነው። የፕሮቦቹ የቮልቴጅ ወሰን እስከ ፈቀደ ድረስ ለግምታዊ ዕይታ ይበቃል። ነገር ግን ቁጥሩን እንይ። ስምንት ቢት ያለው ኦሲሎስኮፕ ስክሪኑን በ256 ደረጃ ይከፍላል። 540 ቮልቱ እንዲገባ ስክሪኑን ለ800 ቮልት ካዘጋጀነው፣ አንዱ ደረጃ 3 ቮልት ይሆናል። በ3 ቮልት መቁጠሪያ 15 ቮልትን መለካት ጤፍን በኩንታል ሚዛን እንደ መመዘን ነው። በዚያ ላይ የሁለቱ ፕሮቦች ማሳነሻ በመቶ አንድ እንኳ ቢለያይ ስሕተቱ ብቻውን 5.4 ቮልት ነው።

ዲፈረንሻል ፕሮብ የሚለየው መቀነሱን ከስክሪኑ በፊት፣ በጫፉ አጠገብ በመሥራቱ ነው። ሁለቱም መግቢያዎቹ በሜጋኦም የሚቆጠር መቋቋሚያ አላቸው፤ ሁለቱም እኩል ተመጥነው ያሳንሳሉ፤ ከዚያም የማቲውስና የብሉምላይን ዘር የሆነው ማጉያ ልዩነቱን ብቻ ያወጣል። ኦሲሎስኮፑ ከመሬት ጋር እንደ ተገናኘ፣ ሦስተኛ እግሩ በቦታው እንዳለ ይቀራል። የፕሮቡ ጥራት የሚለካው የጋራውን ቮልቴጅ ምን ያህል ይሰርዛል በሚለው ነው፤ ይህም በዴሲቤል ይገለጻል። 80 ዴሲቤል ማለት ከ10,000 አንዱ ብቻ ያልፋል፣ 60 ማለት ከ1000 አንዱ፣ 40 ማለት ከ100 አንዱ።

እዚህ ላይ ግን መሬትን ማመን ትተን ፕሮቡን በጭፍን ወደ ማመን እንዳንሻገር። በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ቁጥር በአብዛኛው ለ50 ወይም ለ60 ኸርዝ የሚሠራው ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር የሁለቱ ክንዶች ጥቃቅን የካፓሲታንስ ልዩነት እየጎላ ይሄድና የመሰረዝ አቅሙ ይወርዳል። ለኢንቨርተራችን እንቁጠረው። በ60 ዴሲቤል ከ540 ቮልቱ አልፎ የሚታየው 0.54 ቮልት ነው፤ ችግር የለም። በ40 ዴሲቤል ግን 5.4 ቮልት ይሆናል። ብዙዎቹ ትራንዚስተሮች መከፈት የሚጀምሩት በ5 እና በ6 ቮልት መካከል መሆኑን ካስታወሳችሁ የነገሩ ክብደት ይገባችኋል። ባለሙያው በስክሪኑ ላይ የ5 ቮልት ጉብታ ያያል፤ «የላይኛው ትራንዚስተር ያለ ጊዜው እየተከፈተ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ደኅናውን የጌት ካርድ ያስቀይራል። ካርዱ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው።

እውነተኛውን ጉብታ ከሐሰተኛው ለመለየት የሚያስፈልገው ሥራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ካፓሲተሮቹ መፍሰሳቸው ተረጋግጦ፣ የፕሮቡ ሁለት ጫፎች በአንድነት በኤሚተሩ ላይ ይታሰራሉ፤ ገመዶቹ እርስ በርሳቸው ይገመዳሉ፤ ከዚያ ማሽኑ ይነሣል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ልዩነት ስለሌለ ስክሪኑ ዜሮ ማሳየት አለበት። ዜሮ ካልሆነ፣ የሚታየው ሁሉ የፕሮቡ እንጂ የሰርኪዩቱ አይደለም። ገመዶቹ የሚገመዱበት ምክንያት ቤል በ1881 ካስመዘገበው ጋር አንድ ነው።

ስለ ግዢ አንድ ቃል ልጨምር። የትምህርት ክፍሎቻችን በጀት ሲያገኙ ተጨማሪ ኦሲሎስኮፕ ይገዛሉ፤ አንድ ዲፈረንሻል ፕሮብ የአንድ መለስተኛ ኦሲሎስኮፕን ዋጋ ስለሚያህል «ለገመድ ይህን ያህል!» ተብሎ ይታለፋል። በእኔ አስተያየት፣ አሥር ኦሲሎስኮፕ ያለ አንድ ፕሮብ ካለው ቤተ ሙከራ ይልቅ ስምንት ኦሲሎስኮፕና ሁለት ፕሮብ ያለው ቤተ ሙከራ ተማሪውን ለዱከም የተሻለ ያዘጋጀዋል።

በመጨረሻ፣ ከመመሪያዎቹ ውስጥ በእኛ አገር ሳይነበብ የሚታለፍ አንድ መስመር አለ። የአብዛኞቹ ፕሮቦች የቮልቴጅ ወሰን የሚጸናው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቮልቴጅን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳልና። ዱከም ከዚህ ወሰን በጥቂቱ ዝቅ ትላለች። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር፣ ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። በዱከም ሙሉ በሙሉ የሚጸናው ወሰን፣ ያው ፕሮብ በመኪና ተጭኖ ወደ ሱሉልታ ፋብሪካ ሲወጣ መቀነስ አለበት። ስንት እንደሚቀነስም አምራቹን መጠየቅ የሚገባው ፕሮቡ ከመገዛቱ በፊት ነው።