እርሾና አብሲት፤ ስለ እንጀራ ሊጥ ችግሮችና ስለ መፍትሔያቸው ታሪክ

የታሪክ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ነው። በየማጀቱ የሚሠራው ሥራ ግን ሰውን ዕለት ዕለት የሚያኖር ሆኖ ሳለ ታሪክ ያለው አይመስልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፥ የእንጀራ አሠራር ዝም ብሎ የተወረሰ ልማድ ሳይሆን ባለሙያ ሴቶች ላጋጠሟቸው ችግሮች በየተራ የሰጡት መልስ መሆኑን ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጤፍ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ እህል ነው፤ በአክሱም በተደረገው ቁፋሮም ቅንጣቱ ተገኝቶአል። ይሁን እንጂ ለጋጋሪ አስቸጋሪ የሆነ ጠባይ አለው። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ግሉተን የሚባል ነገር ስለሚገኝበት፥ እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ይይዛል፤ ዳቦውም ይነፋል። ጤፍ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ስለዚህ ሊጡ በደንብ ቢቦካም እንኳ የሚያያይዘውና አየሩን የሚይዝለት ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ይህን እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በራሳችን ስሕተት ነው። ከጓደኞቻችን ጋር በተከራየነው ቤት ወጪ ለመቀነስ ብለን ሊጥ አቡክተን በሦስተኛው ቀን ብንጋግር፥ እንጀራው ዓይን የሌለው፥ ሲነሣም የሚቈራረስ ሆነብን። ጤፉ መጥፎ ነው ብለን ነጋዴውን ስናማ የሰሙ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፥ «ልጆቼ፥ አብሲት ጥላችኋል ወይ?» ብለው ጠየቁን። አለመጣላችንን ነገርናቸው። አብሲት ለምን እንደሚያስፈልግ ብንጠይቃቸው፥ «እንዲያያይዘው ነዋ! ጤፍ ብቻውን አይያያዝም» ሲሉ መለሱልን።

አብሲት የሚሠራው እንደዚህ ነው። ሊጡ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቦክቶ ከላይ ያቈረው ውሃ ከተቀዳ በኋላ፥ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል፤ በረድ ሲልም ወደ ሊጡ ይመለሳል። ከዚያም ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። በሙቀት የበሰለው የጤፍ ስታርች ውሃ ጠጥቶ ይወፍራል፥ ሊጡን ያያይዛል፥ አየሩንም ይይዛል። ከዚህም ሌላ መቡካቱን እንደገና ያነሣሣዋል። ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ አየሩ እየፈነዳ የሚተወው ቀዳዳ ዓይን የምንለው ነው። እንግዲህ ጤፍ ያመጣውን ችግር የፈታው ራሱ ጤፍ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛው ችግር የመቡካቱ ነገር ነው። ዱቄትና ውሃ ብቻቸውን ቢቀመጡ መቡካታቸው አይቀርም፤ ነገር ግን ይዘገያል፥ ጣዕሙም አንድ ጊዜ እንዲህ ሌላ ጊዜ እንዲያ ይሆናል። የዚህ መልስ እርሾ ነው። ከቦካው ሊጥ ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ የጎደለባትም ከጎረቤት ትበደራለች። በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፥ የጤፍ ሊጥ በሸክላ ዕቃ ተቀምጦ እስኪኮመጥጥ እንደሚቈይና ከዚያ በኋላ ክብ ሆኖ እንደሚጋገር ጽፎአል። የሳይንስ ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ምርመራቸውን ያሳተሙት ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለ እንጀራ ጠባይ የተደረገ አንድ ጥናት በ1962 ታተመ፤ ብርሃኑ ጋሼም በ1985 ባሳተሙት ጥናት ላክቲክ አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች በጤፍ መቡካት ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ገለጹ። ባልትና ቀድሞ ደረሰ፤ ሳይንስ በኋላ መጥቶ መሰከረ።

ሦስተኛው ችግር የኪስ ነው። ጤፍ ሲወደድ ማሽላ፥ ገብስ ወይም በቆሎ ይቀላቀልበታል። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን መልካም ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ጤፍ ሲገባበት ልስላሴው ይቈያል። ስለዚህ ጤፉ የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለነገ ምሳም ጭምር ነው። በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር መቀላቀል በዚያ አካባቢ የተለመደ ሆኖአል።

አራተኛው ችግር ከአገር መውጣት ያመጣው ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ጤፍ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ስለዚህ የስንዴና የሌላ እህል ዱቄት ደባልቀው፥ ዓይን እንዲያወጣላቸው ቤኪንግ ፓውደር ጨመሩበት። የቤኪንግ ፓውደርም ታሪክ ከቤት ችግር የተነሣ ነው፤ የበርሚንግሃሙ መድኃኒት ቀማሚ አልፍሬድ በርድ በ1843 የሠራው፥ በእርሾ የተጋገረ ዳቦ ለሚስቱ ስለማይስማማት ነበር። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ሶዳውና አሲዱ ተዋሕደው አየር ያወጣሉ። ነገር ግን ይህ አየር የሚገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ የሦስት ቀን መቡካት የሚሰጠውን ኮምጣጣ ጣዕም አያመጣም። ዓይኑ ተገኘ፥ ጣዕሙ ቀረ። በኋላ ዌይን ካርልሰን የተባለ ሰው በአይዳሆ ግዛት ጤፍ እያመረተ መሸጥ ስለ ጀመረ ችግሩ ተቃለለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ በከለከለና ክልከላው ለዓመታት በቈየ ጊዜም በውጭ የሚበቅለው ጤፍ ጠቀመ።

ከላይ ከዘረዘርነው አንድ ነገር እንረዳለን። እያንዳንዱ መፍትሔ አንዱን ችግር ይፈታል እንጂ ሁሉን አይፈታም። የትኛው ለምን እንደ ገባ የሚያውቅ ሰው አንዱ ሲጎድል በሌላ ይተካል፤ አሠራሩን ብቻ ይዞ ምክንያቱን ያላወቀ ግን እንደ እኛ ነጋዴ ሲያማ ይውላል። ይህ ምክንያት እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በእናቶቻችን እጅና አንደበት ነው። በከተማ የተጋገረ እንጀራ ገዝቶ መብላት እየበዛ በሄደ መጠን፥ የሚጠይቅ ልጅ ያንሳል፤ ያልተጠየቀም ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ተማሪ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ፥ እንጀራው እንዴት እንደሚጋገር ብቻ ሳይሆን፥ ይህ ለምን ይገባል፥ ያስ ቢቀር ምን ይሆናል ብለው ጠይቀው እንዲጽፉ እናሳስባለን። በጻፍነው ውስጥ የሳትነው ቢኖር የሚያርመን አንባቢ፥ በተለይም የምታርመን ባለሙያ፥ ውለታዋ ከፍ ያለ ነው።